የወንዝ ዳር ግንባታ ጥበቃ የሚደረግላቸውን ዓሦች ይጎዳ እንደሆነ እንዴት ይገመገማል?

ወንዝ ዳር ድልድይ፣ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ወይም መንገድ ሊሠራ ሲታሰብ የዓሣው ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ንድፉ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ ግምገማው ያለቀለትን ውሳኔ ከማጽደቅ አያልፍም። ስለዚህ ንድፉ ገና በእርሳስ ሳለ ይጀምሩ። በወረቀት ላይ ምሰሶን ጥቂት ሜትሮች ፈቀቅ ማድረግ ቀላል ነው፤ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ግን የሚታሰብ አይደለም።

1. ዓሣውን ይለዩ

በአገሩ ሕግ ጥበቃ የተሰጣቸውን ዝርያዎች ዝርዝርና የዓለም አቀፉን የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ (የመጥፋት አደጋ ያለባቸውን ዝርያዎች የሚዘረዝረውን) ጎን ለጎን አድርገው ይመልከቱ። ሁለቱ ሁልጊዜ አይገጥሙም። የሚያስገድደው ሕጉ ነው፤ መዝገቡ ደግሞ ሕጉ ገና ያልደረሰበትን አደጋ ያሳያል። ከዚያ ዓሣ አስጋሪዎችን ያነጋግሩ፤ የትኛው ዓሣ በየትኛው ወር የት እንደሚገኝ በደንብ ያውቃሉ። ከወንዙ በተቀዳ ውሃ ውስጥ የዓሣውን ዲኤንኤ መፈለግም ይቻላል። ዘዴው ዓሣውን ሳይነካ መኖሩን ይጠቁማል፤ ዕድሜውን ግን አይነግርም፣ ቁጥሩንም በትክክል አያሳይም። በመረብ ወይም በኤሌክትሪክ መያዝ የግድ ከሆነ አስቀድመው ፈቃድ ያውጡ፤ ጥናቱ ራሱ ዓሣውን ሊጎዳ ይችላልና።

አንድ ጊዜ ፈልጎ ማጣት ለመደምደም አይበቃም። ካቪያር የሚባለው ውድ የዓሣ እንቁላል የሚገኝበትን ስተርጅን የተባለ ዓሣ እንውሰድ፦ በ2022 ይፋ በሆነው የኅብረቱ ግምገማ መሠረት በዓለም የቀሩት 26ቱም የስተርጅን ዝርያዎች የመጥፋት አደጋ ተጋርጦባቸዋል። ስተርጅን ለመራባት የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ ሴቷም በየዓመቱ እንቁላል አትጥልም። ዘንድሮ ያልታየ ዓሣ በሚቀጥለው ዓመት ወንዙን ሽቅብ ሊወጣ ይችላል።

2. የዓሣውን ወራትና የሥራውን መርሐ ግብር ያስተያዩ

በአንድ ሠንጠረዥ ላይ እንቁላል የሚጣልበትን፣ የሚፈለፈልበትንና ዓሣው የሚሰደድበትን ወር ይጻፉ። ከሥሩ የቁፋሮውን፣ የምሰሶ ተከላውንና የኮንክሪት ሙሌቱን ጊዜ ያስገቡ። ሁለቱ የሚደራረቡበት ቦታ የግምገማው እምብርት ነው። ትልቁ ዓሣ ሸሽቶ ሊያመልጥ ይችላል፤ እንቁላል ግን የትም አይሄድም። እኔ ቢቻል ውሃ ውስጥ የሚሠራው ሥራ በሙሉ ከመራቢያው ወራት ውጭ እንዲሆን አጥብቄ እመክራለሁ።

3. እያንዳንዱ ሥራ የት ድረስ እንደሚደርስ ይከተሉ

ወሰኑ የግንባታው አጥር አይደለም። ደለል ቁልቁል ይወርዳል፣ ድምፅ በሁለቱም አቅጣጫ ይጓዛል፣ የተዘጋ መተላለፊያ ደግሞ ከበላዩ ያለውን መራቢያ ሁሉ ያሳጣል።

ከሁሉም በላይ ደለሉን ይከታተሉ። ሳልሞንን የመሳሰሉ ዓሦች እንቁላላቸውን ጠጠር ውስጥ ይቀብራሉ፤ እንቁላሉ ኦክስጅን የሚያገኘው በጠጠሮቹ መሃል ከሚያልፈው ውሃ ነው። ከቁፋሮ የታጠበ ደቃቅ አፈር ክፍተቱን ሲሞላው እንቁላሉ ይታፈናል፤ የተፈለፈለውም ጫጩት መውጫ ያጣል። እንቁላል በሌለበት ወቅት ጠጠሩን በእጅዎ ቆፈር ያድርጉት። ልል ሆኖ ቶሎ ከተነሳና ውሃው ወዲያው ከጠራ ጥሩ ምልክት ነው። ጠጠሩ ተጣብቆ አልነቀል ካለና ሲነቀል ወፍራም ድፍርስ ከለቀቀ፣ ቦታው ቀድሞውኑ ተጎድቷል፤ ተጨማሪ ደለል የመሸከም አቅሙም አነስተኛ ነው።

ምሰሶ በመዶሻ ሲመታ የሚፈጠረው የግፊት ሞገድ ዓሣው ውሃ ውስጥ ለመንሳፈፍ የሚጠቀምበትን የአየር ከረጢት ሊቀድድ ይችላል። በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ በ2008 ስምምነት የተደረሰበት ጊዜያዊ መመዘኛ ለአንድ ምት 206 ዲሲቤልን የጉዳት መነሻ አድርጎ ይወስዳል። የውሃና የአየር ዲሲቤል የሚለኩት በተለያየ መነሻ ስለሆነ ይህን ቁጥር በመንገድ ላይ ከሚሰማ ጫጫታ ጋር አያወዳድሩት። በንዝረት የሚተክል መሣሪያ መጠቀም ወይም ምሰሶውን በአየር አረፋ መጋረጃ መክበብ ግፊቱን ይቀንሳል።

ያልደረቀ ኮንክሪት የነካው ውሃ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ፤ 7 ገለልተኛ ነው) ወደ 12 ሊደርስ ይችላል፤ ከ9 በላይ ሲያልፍ ብዙ ዓሦች መጎዳት ይጀምራሉ። ስለዚህ የማደባለቂያው እጣቢ ወደ ወንዙ የሚገባበት ቀዳዳ መኖር የለበትም። የውሃ መሳቢያ ፓምፕ አፍም ትናንሽ ዓሦችን የማያስገባ ወንፊት ያስፈልገዋል። የዳር ዛፎች ከተቆረጡ ጥላ ይጠፋል፣ ውሃውም ይሞቃል፤ ይህ ጉዳት ግንበኞቹ ከሄዱ በኋላ ለዓመታት ይቆያል።

4. ሥራው ሳይጀመር ይለኩ

ከግንባታው በላይና በታች ድፍርስነትን፣ ሙቀትን፣ ኦክስጅንንና ፒኤችን ይለኩ፤ በሥራው ወቅትና በኋላም በእነዚያው ቦታዎች ይድገሙት። የላይኛው ቦታ ከሌለዎት ዝናብ ያመጣውን ድፍርስ ቁፋሮው ካመጣው መለየት አይችሉም።

5. ፍርድዎን በግልጽ ይጻፉ

ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ጉዳቱን ማስቀረት፣ ካልተቻለ መቀነስ፣ በመጨረሻ ብቻ ማካካስ ነው። ሌላ ቦታ አዲስ መራቢያ እናዘጋጃለን የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ይቀበሉ፤ ዓሣው እዚያ ለመሄዱ ዋስትና የለም። በዚያው ወንዝ ላይ ያሉ ሌሎች ግንባታዎችንም አብረው ይደምሩ።

ሪፖርቱ ሥራው የሚቆምበትን መለኪያ ማካተት አለበት፦ ድፍርስነቱ ከየትኛው መጠን ሲያልፍ፣ በማን ትእዛዝ፣ መቼስ ሥራው እንደሚቀጥል። ይህ ሥልጣን በየቀኑ ሳይት ላይ ለሚገኝ ሰው ይሰጥ። ክትትሉም በርክክብ ቀን አያብቃ፤ ቢያንስ የሚቀጥለው የመራቢያ ወቅት እስኪያልፍና ጠጠሩ እንደገና እስኪፈተሽ ድረስ በጀት ይያዝለት።