ሰው እያየ መሮጥ ለሚያሳፍራችሁ፦ በከባድ ሰውነት ሶምሶማ እንዴት ይጀመራል?

መጀመሪያ የሮጥኩ ቀን ከቤት ከወጣሁ ገና ሁለት ደቂቃ አልሞላኝም ነበር። ከፊት ለፊቴ አንድ ሰውዬ መጣ። ሳላስበው ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብኩ፤ ፍጥነትም ጨመርኩ። አጠገቤ ሲደርስ ትንፋሼ አለቀ። "ደክሟት ቆመች" እንዳይለኝ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። ክሩ አልተፈታም ነበር። ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። ሰውዬው ስልኩን እያየ አለፈኝ።

ያን ቀን ያስቆመኝ ክብደቴ መስሎኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያስቆመኝ ሰው አየኝ ብዬ የጨመርኩት ፍጥነት ነው። ይሉኝታ ጀማሪ ሯጭን የሚጎዳው እንዲህ ነው፤ ከአቅሙ በላይ ያስሮጠዋል። ከአቅሙ በላይ የሮጠ ሰው ይቆማል። ሲቆም ደግሞ "ድሮም ሩጫ ለእኔ አልተፈጠረም" ብሎ ቤቱ ይገባል።

ስለዚህ "ሀፍረቱ ሲለቀኝ እጀምራለሁ" ብላችሁ አትጠብቁ። ቤት ተቀምጦ አይለቅም፤ እንዲያውም ይብሳል። እያፈራችሁም ቢሆን በራሳችሁ ፍጥነት መሮጥን ነው የምትለማመዱት። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ለዚያ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት

የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የቆየ የጉልበት ሕመም ካለባችሁ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ። ለዓመታት ምንም እንቅስቃሴ ካላደረጋችሁም እንዲሁ። እየሮጣችሁ ደረታችሁን ካመማችሁ ወይም ካዞራችሁ ወዲያው አቁሙና ሕክምና ፈልጉ።

የሚያያችሁ ሰው ስንት ነው?

በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ጊሎቪች እና ባልደረቦቹ የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት አለ። ተማሪዎች የሚያሳፍራቸው ምስል ያለበት ቲሸርት ለብሰው ሌሎች ተማሪዎች ወደተቀመጡበት ክፍል እንዲገቡ ተደረገ። ከወጡ በኋላ "ስንቱ ምስሉን ያስተዋለ ይመስላችኋል?" ተባሉ። ግማሽ ያህሉ ብለው ገመቱ። በትክክል ያስተዋለው ሩብ ገደማ ብቻ ነበር።

እኔ ይሄ ጥናት ብዙ ረድቶኛል። ግን "ማንም አያያችሁም" ብዬ አልዋሻችሁም። ወፍራም ሰው ሲሮጥ የሚያይ ይኖራል። አንዳንዱም ይናገራል። ወደዚያ እመለሳለሁ። ለአሁኑ ይህን ብቻ ያዙ፦ የሚያያችሁ ሰው ቁጥር እናንተ ከምታስቡት ያነሰ ነው፤ ያየውም ቢሆን ትንሽ ከሄደ በኋላ የራሱን ጉዳይ ያስባል።

ልብሱን ቤት ውስጥ ፈትኑት

ብዙዎቻችን ሰውነታችንን ለመደበቅ ወፍራም ሹራብና ሰፊ ቱታ እንደራርባለን። እኔም አድርጌዋለሁ። ሙቀቱ ቶሎ ያደክማል፤ ፊት ይቀላል፤ ላብ ያጠምቃል። ልንደብቀው የፈለግነው ነገር ይበልጥ ይታያል። ጥጥ ልብስ ደግሞ ላብ ይይዝና ይከብዳል፤ ቆዳም ይልጣል። ቶሎ የሚደርቅ ቀለል ያለ የስፖርት ልብስ ይሻላል። "ላብ ያስወጣል" ተብሎ የሚለበሰውን የላስቲክ ልብስ ተዉት። የሚወጣው ውኃ ነው እንጂ ስብ አይደለም፤ በሙቀት መታመምም ያመጣል።

ጭን ለጭን መፋተግ ለእኛ ትልቅ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው አያወራውም፤ ግን ከሀፍረቱ ይልቅ እሱ ያስቆማቸው ሰዎች አሉ። ከጉልበት በላይ የሚደርስ ጥብቅ ቁምጣ ልበሱ። ከላይ ሰፋ ያለ ቱታ ብትደርቡበት ችግር የለውም። ከዚያ በፊት የጭናችሁን ውስጠኛ ክፍል፣ ብብታችሁን፣ የጡት መያዣው ጠርዝ የሚያርፍበትን ቦታ ቫዝሊን ቀቡ። ወንዶች የጡታችሁን ጫፍም አትርሱ። ሴቶች ደግሞ ደገፍ የሚያደርግ የስፖርት ጡት መያዣ ያስፈልገናል። መስታወት ፊት ዝለሉበት። ካመማችሁ ወይም በእጃችሁ ለመያዝ ከተገደዳችሁ ሌላ ፈልጉ።

ቲሸርቱንም እንዲሁ። እጃችሁን ወደ ላይ አንሱ፤ ባላችሁበት ቦታ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ ሩጡ። ወደ ላይ እየተሰበሰበ ሆዳችሁን የሚገልጥ ከሆነ መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ እሱን ወደ ታች ስትጎትቱ ትውላላችሁ። ሐሳባችሁም ሆዳችሁ ላይ ይቀራል። ረዘም ያለ ቲሸርት ይሄን ነገር ባንዴ ይገላግላል።

ጫማ ላይ አትሰስቱ። ስንሮጥ እግራችን መሬት ሲመታ የሚያርፍበት ኃይል ከክብደታችን ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከ200 እስከ 300 ኪሎ የሚያህል ጫና ይቀበላል ማለት ነው። ለሩጫ የተሠራ ጫማ ግዙ። እግር ወደ ማታ ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ ለኩት፤ ከትልቁ ጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይትረፍ።

መንገዱን በእግር ልመዱት

በመጀመሪያው ሳምንት አትሩጡ። የሩጫ ልብሳችሁንና ጫማችሁን አድርጋችሁ ልትሮጡበት ባሰባችሁት መንገድ፣ ልትሮጡ ባሰባችሁበት ሰዓት ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ልብሱን ለብሶ መታየት ራሱን የቻለ ልምምድ ነው። መንገዱ የት እንደሚጎረብጥ፣ የት ዳገት እንዳለው፣ ሰው የት እንደሚበዛ ታውቃላችሁ።

ሰዓቱ ማለዳ ቢሆን ሰው ያንሳል። ግን በጨለማና ጭር ባለ ቦታ ብቻችሁን አትሩጡ። ሌሎች ስፖርት የሚሠሩበት ቦታ ከተገኘ እሱን ምረጡ፤ እዚያ ቱታ ለብሶ ያላበው ሁሉም ነው። አጭር ቦታ ላይ መዞር ደግሞ አልወድም። የተቀመጡ ሰዎች ፊት አስር ጊዜ ያሳልፋችኋል። ቀጥ ብሎ ሄዶ መመለስ ይሻላል። ግማሹን ከሄዳችሁ በኋላ የቀረው ወደ ቤት የሚወስድ መንገድ ስለሆነ ማቋረጥም ትርጉም የለውም።

መቼ እንደምትራመዱ ሰዓቱ ይወስን

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል እርምጃ። በዚህ ተጀምሮ በዘጠኝ ሳምንት 5 ኪሎ ሜትር የሚያደርስ የታወቀ ፕሮግራም አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 ጆሽ ክላርክ የተባለ ሰው መጀመሪያ ላይ እናቱን አስቦ ያዘጋጀው ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ይሮጣል። በመጀመሪያው ቀን አምስት ደቂቃ በእርምጃ ሰውነታችሁን ታሟሙቃላችሁ፤ ከዚያ ለ20 ደቂቃ አንዱን ደቂቃ እየሮጣችሁ ደቂቃ ተኩል ትራመዳላችሁ። ስልካችሁ ወይም ሰዓታችሁ ድምፅ እንዲያሰማ አስተካክሉት።

ለሚያፍር ሰው ይሄ ድምፅ ትልቅ ነገር ነው። የምትራመዱት ደክሟችሁ ስላልቻላችሁ አይደለም፤ ሰዓቱ ስለደረሰ ነው። ውሳኔው ቤት ውስጥ፣ ማንም ሳያይ አልቋል። ሰው እየመጣ ድምፁ ከተሰማ ተራመዱ። ሰው እየመጣ የመሮጫው ደቂቃ ካላለቀ በዚያው ፍጥነት ሩጡ። ጄፍ ጋሎዌይ እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር የተወዳደረ ሯጭ ነው። እሱ ራሱ ለብዙ ዓመታት ሰዎችን ያሠለጠነው ሩጫን በእርምጃ እየከፋፈሉ እንዲሮጡ በማስተማር ነው። በመሐል መራመድ ሽንፈት አይደለም።

ፍጥነቱስ? በጣም ቀስ። ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ሊቀድማችሁ እስኪችል ድረስ ቀስ ብትሉ ትክክል ናችሁ። እርምጃችሁ አጭር ይሁን፤ እግራችሁ ከሰውነታችሁ ፊት ርቆ ሳይሆን ከሥራችሁ ይረፍ። ልኩን በንግግር እወቁት። "ዛሬ ሰማዩ ጥርት ብሏል" ማለት ከቻላችሁ ልክ ነው። "ዛሬ" ብላችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ ፈጥናችኋል።

ሰው ከፊት ሲመጣ ሰውነት ወዲያው ይለወጣል። ትከሻ ወደ ጆሮ ይጠጋል፤ ሆድ ይሳባል፤ ትንፋሽ ይታመቃል። ሆዱን ስቦ የያዘ ሰው በደንብ መተንፈስ አይችልም። ስለዚህ ተለማመዱ፦ ሰው ስታዩ አንዴ ረዘም አድርጋችሁ ወደ ውጭ ተንፍሱ። ትከሻችሁ ይውረድ። ሆዳችሁን ልቀቁት። ዓይናችሁ አሥር አሥራ አምስት እርምጃ ፊት ለፊት ያለው መንገድ ላይ ይሁን። ፍጥነቱን አትንኩት። ሰውዬው ያልፋል። ሰላም ማለት ከፈለጋችሁ በእጅ ወይም በአንገት ይበቃል። እኔ ይሄን ከሃያ ጊዜ በላይ ከረሳሁ በኋላ ነው የለመድኩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሦስተኛው አራተኛው ሳምንት ላይ ትንፋሽ ይሻሻላል፤ ደስ ይላል፤ ሰው ፊትም ልፍጠን ያሰኛል። ጅማትና አጥንት ግን ከልብና ከሳንባ ዘግይተው ነው የሚጠነክሩት። የፊት ቅልጥም ሕመም የሚመጣው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው። በሁለት የሩጫ ቀን መሐል አንድ ቀን እረፉ። አንድ ሳምንት ከከበዳችሁ ድገሙት። እኔ ሁለተኛውን ሳምንት ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ።

ሰው ቢናገርስ?

አብዛኛው "በርታ"፣ "አይዞሽ" የሚል ነው። ይሄም ያማል፤ አውቃለሁ። "አሳዘንኳቸው" ያሰኛል። ግን ሰው ለቀጭኑም ሯጭ በርታ ይላል። በቅንነት ነው ብላችሁ ተቀበሉትና እለፉ።

የሚሳደብም ያጋጥማል። አንድ ቀን የተቀመጡ ወጣቶች ከኋላዬ ጮክ ብለው ሳቁብኝ፤ ስለ መቀመጫዬም ተናገሩ። ከመሮጫዬ 40 ሴኮንድ ይቀር ነበር። 40 ቆጥሬ ጨረስኩት። ዞሬ አላየሁም፤ አልመለስኩላቸውም። ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ። በሚቀጥለው የሩጫ ቀን እህቴን ይዤ በዚያው መንገድ ሄድኩ።

የምመክራችሁም ይሄንኑ ነው። የጀመራችሁትን ደቂቃ ጨርሱ፤ ከዚያ ለምታምኑት ሰው ንገሩ። ስድብ በሰማችሁበት ደቂቃ አቋርጣችሁ ከገባችሁ በሚቀጥለው ቀን መውጣት እጥፍ ይከብዳል፤ ጭንቀት የሚቀንሰው ቦታው ላይ ቆይተን ሲያልፍ ስናየው ነው። የሚከተላችሁ ወይም የሚያስፈራራችሁ ሰው ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። ደቂቃውን ተዉት፤ ሰው ወዳለበት ሂዱ።

አብሯችሁ የሚሮጥ ሰው ካገኛችሁ ሕጉ አንድ ነው፦ ፍጥነቱን የሚወስነው ቀርፋፋው ነው። ስለ ክብደታችሁ እንዳያወራም ቀድማችሁ ንገሩት። ብዙ አገሮች ውስጥ ፓርክራን የሚባል በየሳምንቱ የሚካሄድ ነፃ የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ለንደን ውስጥ በ13 ሯጮች ተጀመረ። መራመድ ይፈቀዳል። ከሁሉም ኋላ የሚሄድ በጎ ፈቃደኛ ስላለ መጨረሻ እወጣለሁ ብላችሁ አትሰጉም።

ሀፍረቱን በቁጥር ጻፉት

ትንሽ ደብተር ያዙ። ከመውጣታችሁ በፊት ሀፍረታችሁ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ ጻፉ። ስትመለሱ እንደገና ጻፉ። ኪሎ አትጻፉበት። ሚዛን ላይ ያለው ቁጥር ለሳምንታት ላይነቃነቅ ይችላል፤ ሩጫችሁን እሱ ላይ ካሰራችሁት ሚዛኑ ባስከፋችሁ ቀን ሩጫውም ይቀራል።

የእኔ የመጀመሪያ ቀን 9 ይላል፤ ስመለስም 9። በአምስተኛው ሳምንት ስወጣ 7፣ ስመለስ 4። በአሥራ አንደኛው ሳምንት 3 እና 1። በሚቀጥለው ቀን ዝናብ ጣለና ቲሸርቴ ሆዴ ላይ ተጣበቀ፤ 8 ጽፌያለሁ። ከሥሩም "ቀለሙ ጠቆር ያለ ቲሸርት ልግዛ" ይላል።