የነፋስ በገና ሠርቶ መስኮት ላይ ማኖር

የነፋስ በገና ለመሥራት የተነሣ ሰው ከክራር የለመደውን አንድ ነገር አስቀድሞ መተው አለበት፤ የዚህ መሣሪያ አውታሮች ሁሉም የሚቃኙት በአንድ ድምፅ ነው። አውሮፓውያን መሣሪያውን በግሪኮች የነፋሳት ጌታ በኤዎሉስ ስም የሚጠሩት ሲሆን፣ ኢየሱሳዊው ሊቅ አታናሲየስ ኪርሸር እ.ኤ.አ. በ1650 ሮም ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል።

ሳጥኑን የሚወስነው የመስኮቱ ስፋት ነው። ለ90 ሳንቲ ሜትር ርዝመት 13 ሳንቲ ሜትር ወርድና 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት በቂ ነው። ጎኖቹ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ጣውላ፣ የላይኛው ገጽ ግን ከ3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይሠራሉ። አውታሮቹ የሚታሰሩባቸው ሁለቱ ጫፎች እንደ ወይራ ያለ ጠንካራ እንጨት ይፈልጋሉ። ገጹ ላይ ሁለት ቀዳዳዎች ከተበሱ በኋላ ሁሉም በእንጨት ኮላ ይጣበቃል።

ከየጫፉ 5 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ አውታሮቹ የሚያርፉበት፣ ከፍታው 1.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ በርኩማ ይቆማል፤ በመካከላቸው 80 ሳንቲ ሜትር ነጻ አውታር ይቀራል። በገና ላይ በአውታሩና በበርኩማው መካከል የሚገባው ቆዳ፣ እንዚራ፣ ያንን የሚነዝር ድምፅ ይሰጣል። እዚህ የሚፈለገው ተቃራኒው ስለሆነ የበርኩማው ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ጥርት ብሎ ይስተካከል።

ለአውታርነት የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይሆናል፤ ከ0.5፣ ከ0.6 እና ከ0.8 ሚሊ ሜትር ሁለት ሁለት ይወሰዳሉ። አንደኛው ጫፍ በምስማር፣ ሌላው በጊታር መቃኛ ይያዛል። ውጥረቱ ላላ ማለት አለበት፤ ከአንድ እስከ ሁለት ተኩል ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ቢንጠለጠልበት የሚፈጥረውን ያህል ነው።

ቅኝቱ አንድ የሆነበት ምክንያት እንዲህ ነው። ነፋስ አውታሩን ሲያልፍ ከኋላው ሽክርክሪቶች ከላይና ከታች እየተፈራረቁ ይላቀቃሉ፤ በሰከንድ የሚላቀቁትም የነፋሱ ፍጥነት ለአውታሩ ውፍረት ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር አንድ አምስተኛ ያህል ናቸው። በሰከንድ 3 ሜትር የሚጓዝ ነፋስ በ0.6 ሚሊ ሜትር አውታር ላይ 1000 ያህል ንዝረት ይፈጥራል፤ አውታሩ በሰከንድ በ125 ንዝረት ከተቃኘ የሚሰማው ስምንተኛው ተከታይ ድምፁ፣ ማለትም የመሠረቱ ንዝረት ስምንት እጥፍ ነው። ውፍረታቸው የተለያየ አውታሮች በአንድ ነፋስ የተለያዩ ተከታይ ድምፆችን ያወጣሉ፤ መሠረታቸው አንድ በመሆኑ ግን ይስማማሉ።

በእኔ አስተያየት ከአናጺነቱ ይልቅ አቀማመጡ ይከብዳል። የመጀመሪያውን ሠርቼ በረንዳ ላይ ባኖረው ቀኑን ሙሉ ዝም አለ፤ ነፋሱ በላዩ ይበተን ነበር። ሳጥኑ በመስኮቱ ደፍ ላይ ይቀመጥና ከአውታሮቹ በላይ 3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ብቻ ቀርቶ የተረፈው የመስኮቱ ክፍል በጣውላ ይደፈናል። የእኛ መስኮቶች ወደ ጎን የሚከፈቱ በመሆናቸው ይህ ጣውላ አይቀሬ ነው። ከዚያ ፊት ለፊት ያለው በር ሲከፈት ነፋሱ በጠባቧ ክፍተት እየተሻማ ይገባል፣ አውታሮቹም ይነሣሉ።

ናይለን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚለጠጥ ደጋግሞ መቃኘት ያስፈልጋል። ነፋሱ በርትቶ ድምፁ ጆሮ የሚወጋ ከሆነ አውታሮቹን ከመነካካት ይልቅ የፊት ለፊቱን በር ገርበብ ማድረግ ይሻላል።