የጽሑፍ ስክሪን መሃሉ ላይ እንዳይቆረጥ

በቪጂኤ (የድሮ ፒሲዎች የስክሪን ካርድ) የጽሑፍ ሞድ ስክሪኑን ቶሎ ቶሎ ስትቀይሩ ላይኛው ክፍል አዲሱን፣ ታችኛው አሮጌውን ካሳየ፣ ሞኒተሩ እየሳለ ሳለ ነው የጻፋችሁበት። መጀመሪያ ሁሉንም ተራ ሜሞሪ ላይ አዘጋጁ፤ 80 በ25 ስክሪን እኮ 4000 ባይት ብቻ ነው። ከዚያ ፖርት 986ን (በሄክስ 3ዲኤ፤ ፖርት ፕሮግራሙ ከካርዱ ጋር የሚነጋገርበት ቁጥር ነው) እያነበባችሁ ቢት 3ን ተከታተሉ፤ ሞኒተሩ ስሎ ጨርሶ ወደ ላይ ሲመለስ 1 የሚሆነው ምልክት እሱ ነው፦ 0 እስኪሆን ጠብቁ፣ ቀጥሎ 1 እስኪሆን ጠብቁ፣ ወዲያው ያዘጋጃችሁትን ከላይኛው መስመር ጀምራችሁ ወደ ስክሪኑ ሜሞሪ ገልብጡት (ኮፒ አድርጉት)።

ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ሉፕ (0 እስኪሆን የሚጠብቀውን) ይዘለዋል። ያኔ ቢቱ 1 ሆኖ ሊያበቃ ሲል ትደርሳላችሁ፣ ወይም ሥራው አጭር ከሆነ በአንዱ ምልክት ሁለቴ ትጽፋላችሁ። በ70 ኸርዝ አንድ ዙር (ስክሪኑን አንዴ መሳል) 14 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ ቢቱ ግን 1 ሆኖ የሚቆየው ለሁለት መስመር ያህል፣ ወደ 64 ማይክሮሰከንድ ብቻ ነው። መሃል ላይ ኢንተረፕት (ፕሮሰሰሩን ለሌላ ሥራ የሚያቋርጥ ጥሪ) ከገባ ያመልጣችኋል፣ አንድ ዙር ትዘገያላችሁ። ሉፑ ላይ የቆጠራ ገደብም አድርጉ፤ ቢቱን በትክክል የማይቀይር ኢሙሌተር (የድሮ ፒሲን የሚያስመስል ፕሮግራም) ካጋጠመ ፕሮግራሙ እዚያው ደርቆ ይቀራል።

ከመገልበጥ ይልቅ ገጽ መቀያየር፣ ማለትም ሌላ የስክሪን ሜሞሪ ክፍል ላይ ጽፎ ካርዱ ከዚያ እንዲያሳይ ማድረግ ይሻላል ባይ ነኝ። ሁለተኛው ገጽ ከ4096ኛው ባይት ስለሚጀምር ፖርት 980 ላይ 12 (የመነሻ አድራሻው የላይኛው ባይት ቁጥር)፣ 981 ላይ 8 መጻፍ ይበቃል (አድራሻው በሁለት ሁለት ባይት ስለሚቆጠር 2048፣ ማለትም 8 × 256 ነው፤ ለመመለስ 0)። የታችኛው ባይት በሁለቱም ገጾች 0 ስለሆነ አድራሻው ግማሹ ተቀይሮ ግማሹ አይቀርም። አሮጌውን ገጽ ግን ቀጣዩ ምልክት ሳይመጣ አትንኩት።