ኳሱን ቀንሱ፣ ምግቡን በትኑ

ቦርደር ኮሊ ወይም ሌላ የእረኛ ዝርያ ውሻ ያላችሁ፦ አንድ ሰዓት ሙሉ ኳስ ወርውራችሁለት ቤት ሲገባ ጭራሽ የሚቅበጠበጥ ከሆነ፣ ጉልበቱ ስላላለቀ አይደለም። እነዚህ ዝርያዎች የተመረጡት የሚንቀሳቀስ ነገር እንዲከታተሉ ነው፤ ማሳደዱ በተደጋገመ ቁጥር ይበልጥ ይጋጋላሉ።

ሩጫው ካለቀና ማለክለኩ ከቆመ በኋላ የዕለቱን ደረቅ ምግብ ሩብ ያህል ሣር ላይ በትኑለት። ለጀማሪ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ቦታ ይበቃል። «ፈልግ» በሉትና ዝም በሉ። በጣት አትጠቁሙት፤ ከጠቆማችሁት አፍንጫውን ትቶ እጃችሁን ማየት ይለምዳል (ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው)። ሲለምድ ቦታውን አስፉት፣ ሣሩም ረዘም ይበል። አንገቱን ደፍቶ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ሲያሸት እርምጃው ይዘገያል፣ ዓይኑም ከማደን ያርፋል። ሣር ከሌለ ምግቡን በአሮጌ ፎጣ ጠቅልሉለት።

በምግብ የሚጣሉ ሁለት ውሾች ካሏችሁ ለየብቻ አድርጉት። ፀረ አረም የተረጨበት ሣር ላይ ግን በፍጹም አትበትኑ።