ከሐዋሳ ወደ ገጠር ቀበሌ ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ የአየር ንብረት ለውጥ፣ ሴቶችና የምግብ ዋስትና

ከሐዋሳ በማለዳ ተነሥቶ ወደ ቦሪቻ፣ ወደ ሎካ አባያ ወይም ወደ ሐዋሳ ዙሪያ ቀበሌዎች የሚወጣ ባለሙያ አመሻሽ ላይ ሲመለስ፣ ማስታወሻ ደብተሩ ስለ በቆሎ፣ ስለ ዝናብና ስለ ማዳበሪያ ዋጋ በተጻፈ ነገር ተሞልቶ ይገኛል። ስለ ሴቶች የሚጻፈው አንቀጽ የሪፖርቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ እሱም ቢሆን «ሴቶች ይበልጥ ተጎጂ ናቸው» ከሚል ዓረፍተ ነገር ብዙም አያልፍም። ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት አይደለም። ሆኖም ጉዳቱ በየት በኩል ገብቶ የማንን ሰዓት፣ የማንን ሳንቲምና የማንን ጉርሻ እንደሚወስድ ስለማይናገር፣ በእሱ ላይ ተመሥርቶ ዕቅድ ማውጣት አይቻልም። ከዚህ በታች ከማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹን እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፤ የምጽፈውም ገና ወደ መስክ ለሚወጡ ተማሪዎችና ለዕቅድ ባለሙያዎች ነው።

የዓመቱን የዝናብ ድምር ብቻ መመልከት

እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ የሙቀት መጠን በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል። በዚያው ዘመን የዓመታዊው ዝናብ ድምር ግን ከዓመት ዓመት እጅግ ስለሚዋዥቅ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያመለክት ግልጽ መስመር አልታየበትም። ጉዳቱን በድምሩ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ስለዚህ አያገኘውም። በሲዳማ ቆላማና ወይና ደጋ ቀበሌዎች የበቆሎውና የስኳር ድንቹ ነገር በአብዛኛው የሚወሰነው ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው በልግ ነው። በልጉ ሦስት ሳምንት ቢዘገይ፣ ወይም ዘሩ መሬት ከገባ በኋላ ቢቋረጥ፣ የጎደለውን ሚሊ ሜትር ሐምሌ ላይ በሁለት ቀን የሚወርድ ዶፍ ሊሞላው ይችላል። ሠንጠረዡ «መደበኛ ዓመት» ይላል፤ ማሳው ግን ባዶውን ቀርቷል።

ደርቆ የቀረውን ዘር ለመተካት የሚያስፈልገው ገንዘብ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከእናትየው እጅ ነው፤ ዶሮዋ ተሸጣለች፣ ለቤት የተቀመጠው ቅቤ ገበያ ወጥቷል። በመጠይቁ ላይ «ዘንድሮ ስንት ጊዜ ዘራችሁ? ሁለተኛው ዘር በምን ተገዛ?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ቢጨመሩ ከዝናብ መለኪያው ጣሳ የበለጠ ይናገራሉ።

የዚህ ተቃራኒ የሆነውም ስህተት አለ፤ አንድን ክፉ ዓመት ብቻውን ይዞ የአየር ንብረት ለውጥ ማስረጃ ማድረግ። በ2008 ዓ.ም. አጋማሽ 10.2 ሚሊዮን ሰዎችን ለአስቸኳይ የምግብ እርዳታ የዳረገው ድርቅ ኤልኒኖ ከሚባለው፣ በየጥቂት ዓመቱ ከሚመላለሰው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ጋር የተያያዘ ነበር። የአየር ንብረት የሚባለው የብዙ ዓመታት ጠባይ ነውና፣ ከአንድ ዓመት ታሪክ ይልቅ የሃያና የሠላሳ ዓመት ትውስታ ያላቸውን ሴቶች መጠየቅ ይሻላል።

«እንሰት ስላለ አይራቡም» ማለት

ይህኛው ከሁሉም የከፋ ስለሚመስለኝ ሰፋ አድርጌ ላየው እወዳለሁ፤ እውነት ያለበት ስህተት ስለሆነ በቀላሉ አይለቅም። እንሰት በግንዱ ውኃ ስለሚይዝ አጭር ደረቅ ወቅትን ችሎ ይቆማል፤ እንደ እህል በአንድ ወር ካልታጨደ የሚባልለትም አይደለም፤ በኢትዮጵያም ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በእሱ ላይ ተደግፎ ይኖራል። ከሐዋሳ መኪና ውስጥ ሆኖ ለሚያይ ሰው በየጓሮው የቆመው አረንጓዴ ቅጠል ሙሉ ጎተራ ይመስላል።

ነገር ግን እንሰት ለመድረስ እንደ ቦታውና እንደ ዝርያው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። በልግ ሲከሽፍና በቆሎ ሲጠፋ ቤተሰቡ ያልደረሰውን እንሰት መቁረጥ ይጀምራል። ያልደረሰ እንሰት የሚሰጠው ቆጮ ጥቂት በመሆኑ፣ አንዱ የደረሰ ይሰጥ የነበረውን ለማግኘት ሁለት ሦስት መቁረጥ ግድ ይሆናል። የዘንድሮው ረኃብ በዚህ ዓይነት ከመጪዎቹ ዓመታት ምግብ ላይ ይበደራል፤ በመኸር ግምት ሪፖርት ላይ ግን ይህ ዕዳ የሚጻፍበት ዓምድ የለም።

ሌላው ሰንሰለት በከብቱ በኩል ያልፋል። እንሰት ያለ ፍግ አይሆንም። ግጦሽ ሲደርቅ የእንሰቱ ቅጠል ለላሚቱ ይቆረጣል፤ ቅጠሉ የተቆረጠበት እንሰት እድገቱ ይዘገያል፤ መኖው አልበቃ ሲል ላሚቱ ትሸጣለች፤ ላሚቱ ስትሸጥ ወተቱና ቅቤው ብቻ ሳይሆን ፍጉም አብሮ ይሄዳል፤ ፍግ ያጣ ጓሮ ደግሞ በሚቀጥለው ድርቅ ቀድሞ ይደክማል። ወተቱን ማለብ፣ ቅቤውን መናጥና መሸጥ፣ ፍጉን ተሸክሞ እንሰቱ ሥር ማድረግ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው። ከዚህ ላይ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ሲጨመር ነገሩ ይከፋል፤ ባክቴሪያው በቢላዋ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ይተላለፋልና ቢላዋውን በየመሀሉ በእሳት ማጽዳት ያስፈልጋል። ይህን የሚመለከት ሥልጠና ሲዘጋጅ ቢላዋውን የምትይዘው ሴት ቤት ቀርታ ባልየው ብቻ ሲጠራ በዐይኔ አይቻለሁ።

«ሥራ የላትም» የሚለውን መልስ እንደ ወረደ መጻፍ

ቦሪቻ ውስጥ በአንድ ግቢ የአባወራውን መልስ እየጻፍኩ ነበር። ስለ ባለቤታቸው ሥራ ስጠይቅ «እሷ ሥራ የላትም፣ ቤት ነው የምትውለው» አሉኝ። ከቤቱ ጀርባ ግን ሳያቋርጥ የሚሰማ የመፋቅ ድምፅ ነበር። ዞር ብዬ ሳይ ሴትየዋ የእንሰት ቅጠል አንጥፈው ተቀምጠዋል፤ አንድ እግራቸውን ወደ ላይ አንሥተው የእንሰቱን ንጣይ ከተጋደመው ጣውላ ጋር በተረከዛቸው አጣብቀው ይዘዋል፤ በሁለት እጃቸው የቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ይስባሉ። የሚንጠባጠበው ውኃ ተጠራቅሞ ሲረጋ ቡላ ይሆናል፤ የተፋቀው ደግሞ አሚቾ ከሚባለው፣ ከተከተፈው የእንሰቱ ሥር ጋር ተደባልቆ በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባና ለሳምንታት ይብላላል። አባወራው እየነገሩኝ እኔም ቅጹ ላይ «የቤት እመቤት» የሚለውን ምልክት አድርጌ ነበር። የዚያን ቤት የዓመት ምግብ እያዘጋጀች ያለችን ሴት ሥራ የሌላት ያደረግናት ሁለታችን ነን።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራ መጠየቅ ትቼ ስለ ትናንትናው ቀን እጠይቃለሁ፤ ከእንቅልፍ ስንት ሰዓት ተነሡ፣ ውኃ ከየት ቀዱ፣ ስንት ጊዜ ተመላለሱ፣ እንጨቱስ ከየት መጣ? ምንጭ ሲደርቅ የሚጨመረው መንገድ በብር አይተመንም፤ ከእንሰት መፋቂያ፣ ከልጅ ማጥቢያና ከገበያ ሰዓት ላይ ይቀነሳል፤ እሷ ባይበቃት ደግሞ ከልጅቷ የትምህርት ሰዓት። ጥያቄው በአካባቢው ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ ቢቀርብ፣ የምትጠይቀውም ሴት ብትሆን መልሱ ሌላ ነው።

«የገጠር ሴት» ሲባል እማወራን ብቻ ማሰብ

የ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው በአገሪቱ ከአራት ቤተሰቦች አንዱ በሴት ይመራል። እማወራዎች በሬና ጎልማሳ ጉልበት ስለሚያጥራቸው መሬታቸውን ለእኩል አራሽ መስጠታቸው የታወቀ ነው፤ ትኩረት ሊሰጣቸውም ይገባል። ሆኖም ቆጠራው እዚያ ላይ ሲቆም በባል ስም በተመዘገበ ቤት ያሉት ብዙዎቹ ሴቶች ከመዝገብ ይወጣሉ፤ ሁለተኛ ሚስት የሆነችውማ በየትኛውም ዓምድ አትገኝም። የይዞታ ደብተሩ ላይ የሁለቱም ፎቶግራፍ መለጠፉ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ይሁን እንጂ የትኛው እንሰት እንደሚነቀልና በምትኩ ምን እንደሚተከል የሚወስነው ማን እንደሆነ ደብተሩ አይነግረንም።

ሆድ መሙላቱን የምግብ ዋስትና አድርጎ መቁጠር

አብዛኛው ቅጽ «በቀን ስንት ጊዜ ትመገባላችሁ?» ብሎ የቤተሰቡን ኃላፊ ይጠይቃል። ቤተሰብ በአንድ አፍ አይበላም፤ ምግብ ሲያጥር እናት ለልጆቿ አቅርባ በድስቱ ግርጌ የተረፈውን እንደምትቀምስ ሁላችንም ከቤታችን እናውቃለን።

የሴቶች የምግብ ስብጥር የሚለካበት የታወቀ ዘዴ አለ። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ ሴቶች ባለፈው ቀንና ሌሊት ከበሏቸው ነገሮች ውስጥ ከ10 የምግብ ምድቦች ቢያንስ 5ቱ መኖራቸው ይታያል። አንድ የደህና ቀን ማዕድ እናስላ። ቡርሳሜ፣ ማለትም በቅቤ የታሸ ቆጮ፣ ከእሱም ጋር እርጎና ጎመን አለ እንበል። ቆጮው አንድ፣ እርጎው ሁለት፣ ጎመኑ ሦስት ይሆናል፤ ቅቤው፣ ምንም ያህል ቢጣፍጥ፣ እንደ ምድብ አይቆጠርም። ቦሎቄ ቢጨመርበት አራት ይደርሳል፤ እንግዲህ በጥጋቡ ቀን እንኳ አምስት አልሞላም። በድርቅ ወቅት ላሚቱ ስትነጥፍ እርጎው ይወጣል፣ ጎመኑ በውኃ እጦት ይደርቃል፣ ቦሎቄውም ያልቃል፤ ሴትየዋ ሆዷ በቆጮ ሞልቶ ሳለ አንድ ምድብ ብቻ ይቀራል። ቆጮ ጉልበት ሰጪ ነው፤ ፕሮቲኑ ግን በጣም ጥቂት በመሆኑ ለነፍሰ ጡርና ለአጥቢ እናት ብቻውን አይበቃም። «በዚህ ቀበሌ የከፋ ረኃብ የለም» የሚል ሪፖርት የሚጻፈው እንዲህ ባለው ቤት ሦስቴ መበላቱ ተቆጥሮ ነው።

ሁሉንም በአየር ንብረት ማሳበብ

ከሐዋሳ በስተምሥራቅ የነበረው ጨለለቃ ሐይቅ በደለል ተሞልቶ ረግረግ የሆነው ከላይ ያሉት ተዳፋቶች ደናቸውን በማጣታቸውም ጭምር ነው። በብዙ ጓሮ ደግሞ እንሰቱን እየገፋ የመጣው ጫትና ባሕር ዛፍ ነው። መሬቱ ለልጆች ሲከፋፈል ጠብቧል፤ ጫት ቶሎ ቶሎ ጥሬ ገንዘብ ያስገኛል፤ ዝናብ በማይታመንበት ዘመን ያንን የመረጠ ገበሬ አልተሳሳተም። ነገር ግን እንሰት ሲነቀል በሴቷ እጅ የነበረ ምግብ ወጥቶ በባልየው ኪስ የሚገባ ብር ይተካል፤ ብሩ ተመልሶ ምግብ መሆኑን ማንም አይከታተልም። ሰማዩን ብቻ የሚከስ ጥናት ይህን አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

የሚያውቁትን ሳይጠይቁ ማስተማር

ገንቲቻ፣ አዶ፣ ሚዳሾ እየተባሉ የሚጠሩትን የእንሰት ዓይነቶች ለይተው የሚያውቁት፣ የትኛው ለቡላ የትኛው ለአሚቾ እንደሚሻል የሚናገሩት ሴቶቹ ናቸው። ችግኝ የሚያከፋፍል ሰው አስቀድሞ እነሱን ቢጠይቅ ድካሙን ይቀንሳል።

ሥራ በሥራ ላይ መደረብ፣ ቀኑንም ሳያውቁ መጥራት

«ሴቶችን ያሳተፈ» የሚባል ፕሮጀክት ብዙውን ጊዜ የጓሮ አትክልት፣ የዶሮ እርባታ፣ የችግኝ ጣቢያና የቁጠባ ቡድን ይዞ ይመጣል፤ አራቱም በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ያርፋሉ። የሚያቀርበው ነገር በቀን ስንት ሰዓት እንደሚጨምርባት ወይም እንደሚቀንስላት ያልተሰላ ዕቅድ ባይጀመር ይሻላል፤ ከአራቱ በፊት የውኃ ቦኖ ቢቀርብላት ሦስቱን ራሷ ትጀምራቸዋለች የሚል እምነት አለኝ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ምግብ ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች በአብዛኛው በጉልበት ሥራ ምትክ ድጋፍ የሚሰጠው የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሃ ግብር ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች የጉልበት ሥራ ሳይሠሩ ድጋፉን እንዲያገኙ ይፈቅዳል፤ ይህን መብት በስብሰባ ላይ በግልጽ መናገር ወጪ የለውም።

ስለ ቀኑ ደግሞ የራሴን ልጨምር። ከዓመታት በፊት በአንድ የቆላ ቀበሌ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሠላሳ ሴቶች ጠርተን ስድስት ብቻ መጡ፤ እኛም «የሴቶች ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው» ብለን ጻፍን። በሳምንቱ፣ በዚያው ሐሙስ ስንመለስ ግቢው ሞላ። ግራ ገብቶን ስንጠይቅ አንዲት እናት ሳቁብን። በሲዳማ ባህላዊው ሳምንት ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶ፣ ቃዋላንቃ የሚባሉ አራት ቀናት ያሉት ነው፤ የገበያ ቀንም በዚሁ ዙር ይመላለሳል። የመጀመሪያው ሐሙስ የገበያቸው ቀን ነበር፤ የሚቀጥለው ሐሙስ አልነበረም። ቅቤና ቆጮ ይዘው የሚወጡበትን ቀን ለእኛ ስብሰባ እንዲተዉ ጠብቀን ኖሯል። አሁን ቀጠሮ ስይዝ ከሰባቱ ቀን ስም ጎን የአራቱን አንዱን እጽፋለሁ፤ ሰዓቱንም የሚነግሩኝ እነሱ ናቸው።