ሳይጮህ የሚከሽፍ ቅጂ፦ ሊኑክስና ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ችግርና መፍትሄ

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ መጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጥ ሲከሽፍ፣ አከሻሸፉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ይጮኻል፦ የስህተት መልእክት ይወጣል፣ ሥራው ይቆማል። ሌላው ዝም ይላል፦ ሁሉም ነገር የሰመረ ይመስላል፣ ጉዱ የሚወጣው ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ቅጂው የተፈለገ ዕለት ነው። ጯሂው ያናድዳል እንጂ ብዙ አይጎዳም፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምርና ቶሎ ልለፈው።

ትልልቅ ቪዲዮዎች አልገለበጥ ይላሉ

ትንንሾቹ ፋይሎች አልፈዋል፣ ዲስኩም ገና ብዙ ባዶ ቦታ አለው፤ ሆኖም ፋይሉ ከመጠን በላይ ትልቅ እንደሆነ የሚናገር መልእክት ይመጣል። ዲስኩ በፋት32 (FAT32፣ ፋይሎች ዲስክ ላይ ከሚደራጁባቸው ሥርዓቶች አንዱ) ፎርማት የተደረገ ነው ማለት ነው። ፋት32 ደግሞ 4 ጊጋባይት የሞላ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ዲስኩ ላይ ያለውን ወደ ሌላ ቦታ አሽሹና እንደገና ፎርማት አድርጉት፦ የሚሰካው ሊኑክስ ላይ ብቻ ከሆነ በኤክስት4 (ext4)፣ ዊንዶውስ ወይም ማክ ላይም የሚሰካ ከሆነ በኤክስፋት (exFAT)። የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው እትም 5.4 ጀምሮ ኤክስፋትን በራሱ ያውቀዋል።

ኤክስፋት ግን የሁሉ መድኃኒት አይደለም። የፋይሎችን ባለቤትነትና ፈቃድ አይመዘግብም፣ ሲምቦሊክ ሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) አያውቅም፣ በስሙ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ወይም ሁለት ነጥብ ያለበትን ፋይልም ይመልሳል። እንዲህ ያሉ ፋይሎች ካሏችሁ ፎልደሩን በ«ታር» (tar) ጠቅልላችሁ እንደ አንድ ፋይል አስቀምጡት።

ዲስኩ ይነበባል፣ ግን አይጻፍበትም

አዲስ በኤክስት4 ፎርማት የተደረገ ከሆነ ባለቤቱ ሩት (root፣ የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ) ሆኖ ይሆናል፤ ባለቤትነቱን በ«ቾውን» (chown) ትእዛዝ ወደ ራሳችሁ አዛውሩት። ከዊንዶውስ የመጣ ኤንቲኤፍኤስ (NTFS) ዲስክ ከሆነ፣ እዚያ በወጉ ሳይለቀቅ ተነቅሎ ይሆናል። ዊንዶውስ ላይ መልሳችሁ ሰክታችሁ አስፈትሹትና በሥርዓቱ ልቀቁት። በመገልበጥ መሃል በድንገት መጻፍ ከከለከለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ «ዲሜሴጅ» (dmesg) የሚለውን ትእዛዝ ጽፋችሁ የንባብ ወይም የጽሕፈት ስህተት መኖሩን እዩ። ዲስኩን ከመወንጀላችሁ በፊት ገመዱን ቀይሩ። ብዙ «የሞተ» ዲስክ በሌላ ገመድ ሲነሣ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዝምተኞቹ።

መገልበጡ አለቀ፣ ፋይሎቹ ግን ባዶ ናቸው

ሊኑክስ የምትገለብጡትን ነገር መጀመሪያ ራም ላይ ይቀበልና ቀስ እያለ ወደ ዲስኩ ያወርደዋል። መስኮቱ ላይ ያለው መስመር መቶ በመቶ ሲሞላ ጊጋባይቶች ገና መንገድ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ገመዱን የነቀለ ሰው የፋይሎቹን ስም ብቻ ይዞ ይሄዳል። ከመንቀል በፊት ፋይል ማስተዳደሪያው ላይ የማስወጫ ምልክቱን ተጫኑና መንቀል እንደሚቻል እስኪነግራችሁ ጠብቁ። ተርሚናል የሚቀናችሁ «ሲንክ» (sync) ብላችሁ ጻፉ፤ ትእዛዙ እስኪመለስ ድረስ አትንኩት፣ ከዚያም ዲስኩን በ«አማውንት» (umount) ልቀቁት።

ቅጂው በየሌሊቱ ይሳካል፣ የኮምፒውተሩ ቦታ ግን እያለቀ ነው

ይህ በእኔ ላይ ደርሷል። «አርሲንክ» (rsync) የተባለው የፋይል መገልበጫ ትእዛዝ በየሌሊቱ በራሱ እንዲሠራ አዝዤ ነበር፤ ዲስኩን ግን አንድ ቀን ነቅዬ ረሳሁት። ትእዛዙ አንድም ስህተት ሳያሰማ ለሳምንታት ቀጠለ። ሊኑክስ ውስጥ ዲስክ የሚታየው አንድ ፎልደር ላይ ተሰክቶ ነው፤ ዲስኩ ሲነሣ ፎልደሩ እንደ ማንኛውም ፎልደር እዚያው ሊቀር ይችላል። አርሲንክም የተባለውን ፎልደር አገኘ፣ ጻፈ፣ የጻፈው ግን እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። ይባስ ብሎ ዲስኩን መልሼ ስሰካው የተሳሳቱት ፋይሎች ከሥሩ ተሸፈኑ፤ ቦታውን የበላው ምን እንደሆነ ፈልጌ አጣሁ።

መፍትሄው ዲስኩን አላቅቆ ባዶ መሆን የነበረበትን ፎልደር መክፈት ነው፤ የተከማቸው እዚያ ይገኛል። እንዳይደገም ደግሞ ከአርሲንክ በፊት «ማውንትፖይንት» (mountpoint) የሚለው ትእዛዝ ይቅደም፤ ፎልደሩ ላይ ዲስክ ካልተሰካ ሥራው እንዲቆም አድርጉ። ዲስኩንም ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ በሚሆነው የመሣሪያ ስሙ ሳይሆን በማይለወጠው መለያ ቁጥሩ (UUID) ጥሩት፤ ቁጥሩን «ኤልኤስቢኤልኬ» ከሰረዝ ኤፍ ጋር (lsblk -f) ያሳያችኋል።

ፎቶዎቹ አሉ፣ የብራውዘሩ ዕልባቶች ግን የሉም

ስማቸው በነጥብ የሚጀምር ፋይሎች ስውር ናቸው፤ በኮከብ ምልክት ሁሉንም ገልብጥ ሲባልም ይዘለላሉ። የፕሮግራሞች ቅንብርና የኤስኤስኤች (SSH) ቁልፎች፣ ማለትም ወደ ሌላ ኮምፒውተር በርቀት መግቢያዎቹ፣ የሚቀመጡት እዚያ ነው። በኮከብ ፈንታ የቤት ፎልደሩን በሙሉ ገልብጡ።

ቅጂው ውስጥ የነበሩ የድሮ ፋይሎች ጠፉ

አርሲንክን «ዲሊት» (--delete) ከሚለው አማራጭ ጋር ስታዙት ምንጩ ላይ የሌለውን ሁሉ ከመድረሻው ያጠፋል። እዚህ ላይ ከምንጩ ስም በኋላ ያለችው አንዲት እዝባር (/) ትወስናለች። ካለች የፎልደሩ ይዘት ይገለበጣል፣ ከሌለች ፎልደሩ ራሱ። እዝባር ጨምራችሁ መድረሻውን የዲስኩ ዋና ፎልደር ካደረጋችሁት፣ ዲስኩ ላይ የነበረው ሌላ ነገር ሁሉ ይጠረጋል። ስለዚህ በመጀመሪያ «ድራይ ረን» (--dry-run) የሚለውን አማራጭ ከዝርዝር ማሳያው (-v) ጋር ጨምሩ፤ አንድም ነገር ሳይነካ ሊያጠፋ ያሰበውን ይዘረዝርላችኋል። በራሱ ለሚሠራ ትእዛዝ ደግሞ «ማክስ ዲሊት» (--max-delete) ብላችሁ ሊያጠፋ የሚችለውን የፋይል ብዛት ገድቡ። ምንጩ በሆነ ምክንያት ባዶ ሆኖ ቢያገኘው እንኳ ከዚያ ቁጥር አያልፍም።