መጋቢት ላይ ጎርጎራ ወርዶ ተሰዳጅ የውሃ ወፎችን ማየት

ጎንደር ያላችሁ ሰዎች መጋቢት ወይ ሚያዝያ ላይ አንድ ቅዳሜ ጎርጎራ ውረዱ። ከአውሮፓና ከሩሲያ ብርዱን ሸሽተው ጣና ላይ የከረሙት ወፎች ሚመለሱት ያኔ ነው፣ ሚሄዱት ደሞ ወደ ሰሜን ነው፣ ጎርጎራ ደሞ የሐይቁ ሰሜን ጫፍ ላይ ናት።

በአዘዞ በቆላ ድባ አርጎ 60 ኪሎ ሜትር ምናምን ነው። የመንገዱን ሁኔታ ቀድማችሁ መናኸሪያ ጠይቁ፣ ከተቻለ እዛው እደሩ ምክንያቱም ጥሩው ሰዓት ጠዋት ከ12 እስከ 3 እና አመሻሽ ላይ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ አየሩን ስለሚያርገበግበው ሩቅ ያለውን መለየት አይቻልም። ባይኖኩላር (ሩቅ ማያ መነጽር) 8 በ42 ሚባለው፣ ማለት 8 እጥፍ ሚያጎላው ባለ 42 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በቂ ነው፣ ከዛ በላይ ሚያጎላው የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል።

ዋናው ነገር አለመዞር ነው። ዳር ለዳር ከሄዳችሁ የተቀመጠውም ይነሳል። ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉና ዛፍ ተደግፋችሁ ቁጭ በሉ፣ ፊታችሁ ወደ ደቡብ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ በግራ ትሆናለች አይን ውስጥ አትገባም። ከዛ አንድ ምልክት ያዙ፣ የቆመ ታንኳ ይሁን ደሴት፣ ከሱ ተነስታችሁ ባይኖኩላሩን ውሃውና ሰማዩ ሚገናኙበት ላይ ቀስ አርጋችሁ ውሰዱት መልሱት። ጓደኛ ካላችሁ "ከታንኳው በስተቀኝ" ማለት ብቻ ይበቃል።

መጀመሪያ ጋልና ተርን ሚባሉትን ሁለት የውሃ ወፎች ለዩ። ጋል ደልደል ያለች ናት፣ ውሃው ላይ ተንሳፋ ትቀመጣለች። ተርን ቀጭን፣ ክንፏ ሹል፣ እየበረረች ምንቃሯን ወደ ታች ደፍታ ውሃውን ነካ አርጋ ትነሳለች። እኔ በጣም ደስ ሚለኝ የላባ ቅየራው ነው! ባለጥቁር ራሷ ጋል ጥር ላይ ከአይኗ ኋላ አንድ ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው ያላት፣ መጋቢት ላይ ግን ፊቷ ሙሉ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ቆብ የደፋች ትመስላለች፣ ገና እየቀየሩ ያሉት ደሞ ዥንጉርጉር ናቸው። ነጭ ክንፏ ተርንም ሚያዝያ ላይ ሆዷ ጥቁር እየሆነ ይሄዳል።

እምቦጭ ለሐይቁ መከራ ነው፣ ግን ጠርዙንና ጭቃውን ሳታዩ አትለፉ፣ ባለረጅም እግሮቹ ሚለቅሙት እዛ ነው። ዓሣ አሞራና ባለዘውዱ ክሬን (አንገቱና እግሩ ረጅም የሆነ ትልቅ ወፍ) እዚሁ ነዋሪ ናቸው፣ ከተሰዳጅ እንዳትቆጥሯቸው፤ ግራጫው ክሬን ነው ሚሄደው፣ እሱን ለማየት የካቲት ላይ ቀደም በሉ።

አመሻሽ ላይ ቶሎ አትነሱ። ብዙዎቹ ሌሊት ነው ሚጓዙት፣ ስለዚ ጭቃ ላይ የዋሉት መንጫጫት ሲጀምሩና ሰብሰብ ሲሉ ካያችሁ ተዘጋጁ፣ ተነስተው ከፍ እያሉ ሊሄዱ ይችላሉ። ሰዓቱን፣ ቁጥሩን፣ አቅጣጫውን እዛው ጻፉና ኢበርድ (eBird) ሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ጫኑት፣ ፎቶ ባይኖርም ይቀበላል።